ባዶ ፒካፕ ለምን ያንገጫግጫል? የኋላ ባሌስትራን ስለማለስለስ

የፒካፕ የኋላ ባሌስትራ የተለካው ለባዶ ካሶኒ ሳይሆን ለሙሉ ጭነት ነው። ጠዋት አሥር ኩንታል ጤፍ ጭኖ እንደ ቤት መኪና ተንሳፍፎ የመጣ ሃይሉክስ ከሰዓት በኋላ ባዶውን ሲመለስ ሌላ መኪና የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው። ጉብታ ባገኘ ቁጥር ኋላው ይነጥራል፤ ጋቢና ውስጥ ያለው ሰው ወገቡን ይይዛል፤ ኮሮኮንች ላይ ሲታጠፍ ደግሞ የኋላ ጎማዎቹ መሬቱን እየለቀቁ ወደ ጎን መንሸራተት ይጀምራሉ። ይህ የመጨረሻው ከምቾት ያለፈ ጉዳይ ነው፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ፍሬን ቢያዝለትም መኪና አያቆምም።

ባሌስትራ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ በዚያው ቋንቋ ፍላጻ የሚያስፈነጥረው ባለ መያዣ ደጋንም በዚሁ ስም ይጠራል። አሠራሩም የደጋን ነው። ጫፎቻቸው ወደ ላይ የተቆለመሙ ጠፍጣፋ ብረቶች አንዱ በአንዱ ላይ ይደረደራሉ። ከላይ ያለው ዋናው ብረት ከሁሉም ይረዝማል፤ ሁለቱ ጫፎቹ ተጠቅልለው ዓይን ይሠራሉ። የፊተኛው ዓይን በፔርኖና በጎሚኒ ከሻንሲው ጋር ይታሰራል። የኋለኛው ግን በምትወዛወዝ ማንጠልጠያ ላይ ይሰቀላል፤ ባሌስትራው ጭነት ሲያርፍበት እየተቃና ስለሚረዝም ጫፉ የሚሄድበት ቦታ ያስፈልገዋል። ከዋናው በታች ያሉት ብረቶች በተራ እያጠሩ ይወርዳሉ። ከሁሉም በታች ብዙ ጊዜ አንድ ወፍራምና ቀጥ ያለ ብረት አለ፤ እሱ ተጠባባቂ ነው፤ ሌሎቹ ጭነት ከብዷቸው እላዩ ላይ ሲያርፉ ብቻ ሥራ ይጀምራል። አንድ የመሃል ቡሎን ሁሉንም ብረቶች በስቶ ያልፋል፤ ዩ-ቦልቶች ደግሞ ድርድሩን ከአክስሉ ጋር ጠፍንገው ይይዙታል።

ድርቀቱ ከየት እንደሚመጣ በቁጥር ማየት ይቻላል። ከኋላ ባሌስትራዎቹ በላይ የሚያርፈው የባዶ መኪና ክብደት 550 ኪሎ ነው እንበል። ሁለቱ ባሌስትራዎች አንድ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ለመውረድ 10 ኪሎ የሚፈልጉ ከሆነ፣ ባዶው መኪና የሚያወርዳቸው 5.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ይህን ያህል ብቻ የወረደ ሞላ አንዴ ከተነካ በሰከንድ ከሁለት ጊዜ በላይ ይወዛወዛል። 1000 ኪሎ ሲጨመርበት ግን 15.5 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል፤ ውዝዋዜውም በሰከንድ ወደ 1.3 ይቀንሳል። ምቹ የቤት መኪና የሚሠራው በዚሁ አካባቢ፣ በሰከንድ ከ1 እስከ 1.5 ባለው ልክ ነው። የሰው አካል ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረው የላይ ታች ንዝረት በሰከንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚመላለሰው በመሆኑ፣ ውዝዋዜው ወደዚያ በተጠጋ ቁጥር ጉዞው ይከብዳል። ስለዚህ በባዶ ጊዜ መድረቅ ብቻውን ብልሽት አይደለም። ባሌስትራው ጭነቱን እየጠበቀ ነው።

የባሌስትራን ጥንካሬ የሚወስኑት ነገሮች ጥቂት ናቸው፤ ኃይላቸው ግን እኩል አይደለም። የብረቶቹ ብዛትና ስፋት ጥንካሬውን በቀጥታ ይጨምራሉ፤ ውፍረታቸው እኩል የሆነ አምስት ብረቶች ከአራቱ ይልቅ በሩብ ያህል ይጠነክራሉ። ውፍረት ግን የሚቆጠረው ሦስት ጊዜ በራሱ ተባዝቶ ነው። 8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት በ7 ሚሊ ሜትር ቢተካ ልዩነቱ ለዓይን እምብዛም አይታይም፤ ጥንካሬው ግን በሲሶ ይቀንሳል። ርዝመትም እንዲሁ ሦስት ጊዜ ተባዝቶ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ይሠራል፤ 120 ሴንቲ ሜትር የነበረ ባሌስትራ 130 ቢሆን ከአንድ አምስተኛ በላይ ይለሰልሳል። ሲታይ ተመሳሳይ የሚመስል የሌላ ሞዴል ባሌስትራ ከመለዋወጫ ገበያው ከሶማሌ ተራ ተገዝቶ ሲገጠም መኪናው ጨርሶ ጠባዩን የሚለውጠው ለዚህ ነው። ካሊፐር ይዞ ውፍረትን መለካት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ብዙ ገንዘብም ያድናል።

ማለስለስ ግን ከባሌስትራው ባይጀምር ይሻላል። የመጀመሪያው ሞላ ጎማው ራሱ ነው። ለጭነት ተብሎ ጢም ብሎ የተነፋ ጎማ ጭነቱ ከተራገፈ በኋላም እንደዚያው ይከርማል፤ እያንዳንዱ ጠጠር በቀጥታ ወደ ሻንሲው ይሄዳል። በብዙ ፒካፖች በሾፌሩ በር ማዕዘን ላይ የተለጠፈች ወረቀት የአየሩን ልክ ትናገራለች፤ ባዶና ጭነት የሚለያዩ ከሆነ ሁለቱንም ለየብቻ ትጽፋለች። ጎማው ጎን ላይ የታተመው ቁጥር ግን ከፍተኛው ወሰን ስለሆነ የሚነፋበት ልክ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። አየሩ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ነው፤ ጭነት ከመጫኑ በፊትም ተመልሶ ይሞላል። ይህ ሳይደረግ ባሌስትራ የሚያስፈታ ሰው ጎሚስታ ጋ በጥቂት ደቂቃ የሚያልቀውን ነገር በጋራዥ ዋጋ ይገዛል።

ቀጥሎ ያለው ሰበቃ ነው። ባሌስትራው ሲተጣጠፍ ብረቶቹ አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ። በአዲስነቱ ይህ ሰበቃ ጥቂት ነው፤ ውዝዋዜውን በመግታትም ይጠቅማል። ዝናብ፣ ጭቃና የኮሮኮንች አቧራ ለዓመታት በመካከላቸው ሲገባ ግን ብረቶቹ ይዝጋሉ፤ ዝገቱም እንደ ሙጫ ያጣብቃቸዋል። ትናንሽ እብጠቶችን ባሌስትራው ጨርሶ አይቀበላቸውም፤ ትልቅ ጉድጓድ ሲመጣ ደግሞ በድንገት ይለቅና ይነጥራል። የዚህ ምልክት ቅርብ ነው። ከመኪናው በታች ገብቶ የአጭሩን ብረት ጫፍ ማየት ይበቃል፤ ጫፉ ከላዩ ያለውን ረጅም ብረት በፋቀበት ቦታ ቡናማ ዱቄት የተሞላ ጎድጓዳ መስመር ይታያል። ያ መስመር በጥፍር የሚያዝ ጥልቀት ካለው ብረቱ እዚያው ላይ የመሰበር አደጋ ስላለበት መለወጥ አለበት። ጥልቀት ከሌለው ግን ድርድሩ ተፈትቶ ዝገቱ በሽቦ ብሩሽ ይጠረጋል፤ በጫፎቹ መካከልም ጠንካራና አንሸራታች የፕላስቲክ ንጣፍ ይገባል። አንዳንድ ባሌስትራ ከፋብሪካው ሲወጣ ይህ ንጣፍ አለው፤ ዓመት ሲቆጥር አልቆ ይወድቃል፤ ማንም ልብ አይለውም። ግራሶ ቀብቶ መተውም የተለመደ ነው፤ ግን ግራሶ አቧራን ይስባል፤ ከአሸዋ ጋር ሲቀላቀል ብረቱን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል። ንጣፉ ይበልጣል።

ጎሚኒዎቹና ማንጠልጠያዋም መታየት አለባቸው። የደረቀ ወይም ከፔርኖው ጋር በዝገት የተያያዘ ጎሚኒ ዓይኑን እንዳይዞር ያደርገዋል፤ ባሌስትራው እየተቃና ለመርዘም ሲሞክር መንገድ ያጣል። አዲስ ጎሚኒ ሲገባ አንድ ስህተት በየጋራዡ ይደጋገማል፤ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው እንደተንጠለጠለ ዳዶው ይጠበቃል። ጎሚኒው በዚያ አቋም ተጨብጦ ይቀራል፤ መኪናው መሬት ሲያርፍ እየተጠመዘዘ ይኖራል፤ መኪናውም ይደርቃል፤ ጎሚኒውም ቶሎ ይቀደዳል። የመጨረሻው ማጥበቅ የሚደረገው መኪናው በአራት ጎማው መሬት ላይ ካረፈ በኋላ ነው።

ሾክ አብዞርበር ክብደት አይሸከምም፤ ሥራው የባሌስትራውን ውዝዋዜ ማብረድ ነው። ዘይቱን የጨረሰ ሾክ መኪናውን ደጋግሞ ያስነጥራል፤ ገላው ላይ አቧራ በእርጥብ ዘይት ተለጥፎበት ከታየ ዕድሜው አልቋል። ነገር ግን ለከባድ ጭነት ተብሎ የተሸጠ ጠንካራ ሾክ ባዶ ለሚሄድ መኪና መፍትሔ ተደርጎ ሲገጠም ጉዳዩ ይባስ ይከፋል። የሾኩ ልክ ከባሌስትራው ልክ ጋር መሄድ አለበት፤ ባሌስትራው ከለሰለሰ ሾኩም አብሮ መለስለስ ይኖርበታል። ከሻንሲው በታች ከአክስሉ ትይዩ የተሰቀለችው የጎማ ትራስም አትረሳ። ትራሷ ላይ የሚያብለጨልጭ ተፋቂ ቦታ ካለ አክስሉ ዘወትር እየመታት ነው ማለት ነው፤ ሾፌሩ ባሌስትራ ደረቀ የሚለው ድንጋጤ በእውነቱ የዚህች ትራስ ምት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለው መኪና ባሌስትራው የደከመ ስለሆነ ብረት መቀነስ የበለጠ ያስመታዋል።

ዘወትር ባዶውን ለሚሄድ መኪና በአክስሉ አናት ላይ ክብደት ማስቀመጥ ቀላልና ተመላሽ መፍትሔ ነው። አሸዋ የያዙ ሁለት ማዳበሪያዎች፣ እያንዳንዳቸው 50 ኪሎ ቢሆኑ፣ ቀደም ሲል በተሰላው ምሳሌ ውዝዋዜውን በሰከንድ ከ2.1 ወደ 2 ገደማ ያወርዱታል። ትንሽ ይመስላል፤ የኋላ ጎማዎቹን መሬት በማስያዝ ረገድ ግን ኮሮኮንች ላይ ይታወቃል። ማዳበሪያዎቹ በገመድ ጥብቅ ተደርገው መታሰር አለባቸው፤ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ጋቢናው የሚወረወር 100 ኪሎ ሰው ይጎዳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ መኪናው አሁንም የሚደርቅ ከሆነ የብረት ቅነሳው ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ ባለመኪና የሚሳሳተው በታችኛው ወፍራም ብረት ነው። ወፍራም ስለሆነ ጥፋተኛው እሱ ይመስላል፤ መጀመሪያ የሚወጣውም እሱ ነው። ከማስወጣቱ በፊት ግን መኪናው ባዶውን በልሙጥ መሬት ላይ ቆሞ ጫፉ መታየት አለበት። ከላዩ ካለው ብረት ጋር ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካለ፣ ያ ብረት በባዶ ጊዜ ሥራ ላይ አይደለም፤ ቢወጣም ተራውን ንጥረት አይቀንስም። የሚጠፋው የጭነት አቅሙና ጥልቅ ጉድጓድ ሲመጣ አክስሉን የሚያቆመው ድጋፍ ብቻ ነው። ክፍተት ከሌለና በባዶውም የሚነካ ከሆነ ግን ማውጣቱ በእርግጥ ያለሰልሳል።

ከላይኞቹ ብረቶች አንዱ እንዲወጣ ከተወሰነ ምርጫው ከመሃል ላሉት ነው። ዋናው አይነካም። ከዋናው ቀጥሎ ያለው ሁለተኛው ብረትም ጫፉ በዋናው ዓይን ዙሪያ የተጠቀለለ ከሆነ ፈጽሞ አይወጣም፤ ዋናው ብረት መንገድ ላይ ቢሰበር አክስሉን ከሻንሲው እንዳይለይ የሚይዘው እሱ ነው። የሚቀሩት ብረቶች ደረጃ በደረጃ ማጠራቸውም መጠበቅ አለበት፤ በሁለት ብረቶች መካከል የርዝመት ልዩነቱ ከተጋነነ መታጠፉ ሁሉ በአንድ ቦታ ይሰበሰባል፤ ብረቱም እዚያ ላይ ይሰነጠቃል። ቅነሳው በግራም በቀኝም እኩል ነው።

ዋጋው በዚያው ምሳሌ ሊሰላ ይችላል። የሁለቱ ባሌስትራዎች ጥንካሬ በሚሊ ሜትር ከ10 ኪሎ ወደ 7 ኪሎ ቢወርድ፣ የባዶው መኪና ውዝዋዜ በሰከንድ ወደ 1.8 ይቀንሳል፤ ጉዞው ላይ በግልጽ የሚሰማ ለውጥ ነው። በሌላ በኩል 1000 ኪሎ ሲጫን ቀድሞ 10 ሴንቲ ሜትር ይወርድ የነበረው ኋላ ከ14 ሴንቲ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ባዶውም ቢሆን ከድሮው 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይቆማል። ለውጡ ቀላል አይደለም። በሊብሬው ላይ የሰፈረው የጭነት ልክ የተሰጠው ከፋብሪካ ለወጣው ባሌስትራ ነው። ብረት የቀነሰ ሰው ያንን ልክ ከእንግዲህ የራሱ አድርጎ ሊቆጥረው አይገባም፤ መኪናውን ለሚሸጥለትም ሰው መናገር አለበት።

በእሳት ማለስለስ የሚባለው ደግሞ ከነጭራሹ መቅረት ያለበት ልማድ ነው። የባሌስትራ ብረት ሲሊኮንና ማንጋኒዝ ወይም ክሮምና ቫናዲየም ያለበት ልዩ አረብ ብረት ነው፤ ጋል ብሎ በዘይት ውስጥ ቀዝቅዞ፣ ዳግም በመጠኑ ሞቆ ነው ጠባዩን ያገኘው። ቀጥቃጮች የአሮጌ መኪና ባሌስትራ እየፈለጉ ማረሻና ገጀራ የሚያወጡበት በዚህ ጥንካሬው ነው፤ እነሱም ቢሆኑ ብረቱን አግለው ከቀጠቀጡት በኋላ መልሰው ካላጠነከሩት ስለቱ እንደማይቆይ ያውቃሉ። መኪናው ላይ እንዳለ በኦክስጅን እሳት የተመታ ባሌስትራ የተመታው ቦታ ላይ ጠባዩን ያጣል፤ ከዚያ ወዲያ እንደ ሽቦ ታጥፎ ይቀራል ወይም ይሰበራል። ብየዳም እንዲሁ ነው። ከድርድሩ አጠገብ ብየዳ ሲሠራ የሚፈናጠረው ፍንጣሪ ራሱ የስንጥቅ መነሻ ሊሆን ስለሚችል ባሌስትራው በእርጥብ ጆንያ መሸፈን አለበት።

ገንዘብ ላለው ከቅነሳ ይልቅ ለውጥ ይሻላል። ፓራቦሊክ የሚባለው ባሌስትራ ብረቶቹ መሃላቸው ወፍሮ ወደ ጫፍ እየሳሱ የሚሄዱ ናቸው፤ የሚነካኩት በመሃልና በጫፍ ብቻ ስለሆነ ሰበቃው እጅግ ያንሳል፤ በሁለት ወይም በሦስት ብረት ብዙ ተራ ብረቶች የሚሸከሙትን ይሸከማሉ። ከመኪና አምራቾች አንዳንዶቹ በአንዳንድ ፒካፖቻቸው ባሌስትራን ትተዋል፤ ራም 1500 ከ2009 ሞዴሉ ጀምሮ፣ የኒሳን ናቫራ ባለ ሁለት ጋቢናም ከትውልዶቹ በአንዱ ባሌስትራውን በተጠቀለለ ሞላ ተክተዋል። ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ሃይሉክስ ግን ዛሬም ባሌስትራውን አልጣለም፤ ለጭነት ሥራ ይህ ውሳኔ ተገቢ ነው። በጋራዥ ውስጥ ሻንሲ ቆርጦ ባሌስትራን በጥቅል ሞላ የመተካት ሥራ ግን አይመከርም። ባሌስትራ ክብደት ከመሸከም ሌላ አክስሉን ወደፊት፣ ወደኋላና ወደ ጎን እንዳይሄድ ይይዛል፤ ጥቅል ሞላ ይህን ስለማያደርግ ለዚያ የሚሆኑ ዘንጎች በልክ መሠራት አለባቸው።

ሥራው ሲሠራ አደጋው ያለው መኪናውን ማንሣትና የመሃል ቡሎኑን መፍታት ላይ ነው። የፊት ጎማዎቹ ከፊትና ከኋላ በድንጋይ ይታገዳሉ፤ መኪናው በሻንሲው በኩል በቋሚ ድጋፍ ላይ ያርፋል፤ አክስሉን ለብቻው ሌላ ክሪክ ይይዘዋል። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር ማንም አይገባም። ከዚያ ዩ-ቦልቶቹ እያፈራረቁ በጥቂት በጥቂቱ ይፈታሉ። ድርድሩ ከወጣ በኋላ የመሃል ቡሎኑ ዳዶ ከመነካቱ በፊት ግራና ቀኙ በጠንካራ ማጥበቂያ መያዣ፣ በሞርሳ ዓይነት፣ ይጨበጣል። ብረቶቹ ቅልማሜያቸው አንድ ዓይነት አይደለም፤ በቡሎኑ ኃይል ተጫጭነው ነው አንድ የሆኑት፤ ሳይያዙ ከተፈቱ ጣት የሚቆርጥ ኃይል ይዘው ይከፈታሉ። ብረቱ ከወጣ በኋላ መያዣዎቹ ቀስ እያሉ ይላላሉ። ሲገጠም የመሃል ቡሎኑ ራስ አክስሉ ላይ በተዘጋጀለት ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መግባቱ በዓይን ይታያል፤ ካልገባ አክስሉ ሸርተት ይልና መኪናው ኋላውን ወደ አንድ ጎን አዙሮ መሄድ ይጀምራል። ዩ-ቦልት አንዴ ተስቦ የጠበቀ ስለሆነ አዲስ መግዛት ይሻላል። ድርድሩ በአንድ ብረት ስለሳሳ የድሮው ዩ-ቦልት ጥርስ ሊያልቅበት ይችላል፤ ዳዶው ጥርስ በሌለው ቦታ ላይ ደርሶ ሲቆም የጠበቀ ይመስላል፤ ባሌስትራው ግን ልል ነው።

ኋላው ዝቅ ሲል ሌሎች ነገሮችም አብረው ይለወጣሉ። ከሁሉ የሚከብደው የፍሬኑ ነው። በብዙ የጃፓን ፒካፖች ሻንሲው ላይ አንድ ቫልቭ አለ፤ ከአክስሉ ጋር በቀጭን ዘንግ ተያይዞ የኋላውን ከፍታ ይለካል። መኪናው ሲጫንና ዝቅ ሲል ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይለቃል፤ ባዶ ሆኖ ከፍ ሲል ይቀንሳል። ብረት የተቀነሰለት መኪና ባዶውንም ዝቅ ብሎ ስለሚቆም ቫልቩ ጭነት አለ ብሎ ይሳሳታል፤ እርጥብ አስፋልት ላይ ፍሬን ሲያዝ የኋላ ጎማዎቹ ቀድመው ይቆልፋሉ፤ መኪናውም ይዞራል። ዘንጉ በአዲሱ ከፍታ ልክ መስተካከል አለበት፤ ይህን የማያውቅ ጋራዥ ሥራውን ባይነካው ይሻላል። የፊት መብራቶቹም ኋላው በወረደ ልክ ወደ ላይ ስለሚያበሩ በምሽት የመጪውን ሾፌር ዓይን እንዳይመቱ ዝቅ ይደረጋሉ።

በመጨረሻ ከፍታው ይለካል። ባሌስትራው ከመፈታቱ በፊት ከጎማው መሃል በላዩ እስካለው የካሶኒው ቅስት ጠርዝ ድረስ በግራም በቀኝም በሜትር ተለክቶ መጻፍ አለበት፤ ከተገጠመ በኋላ በዚያው ቦታ እንደገና ይለካል፤ የሁለቱ ጎኖች ልዩነት ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ አንዱ ድርድር በትክክል አልተቀመጠም። መኪናው ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከሄደ በኋላ ብረቶቹ ቦታቸውን ስለሚይዙ የዩ-ቦልቶቹ ዳዶዎች በአምራቹ መመሪያ በተሰጠው ልክ፣ እያፈራረቁ፣ ዳግም ይጠበቃሉ።